ወንበር አልባው አውሮፕላን

ቆሰበር፣ ማክሰኞ ሰኔ 20 ቀን 2015 ዓ.ም.

ውድ መሳፍንት፣

«ውድ» ያልኩህ ደብዳቤ እንዲህ ስለሚጀመር ነው፤ ሌላ ነገር አታስብ። ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ቃል ሳልጽፍልህ ቆይቼ ዛሬ ብዕር ያነሳሁት ናፍቀኸኝ አይደለም። እሁድ ከሰዓት በሬዲዮ ስለሰማሁህ ነው።

ከመናኸሪያ ወደ ቤት እየሄድኩ ባጃጅ ውስጥ ነበርኩ። ሾፌሩ የሥራ ፈጣሪዎችን ፕሮግራም ከፍቶ ያዳምጣል። ጋዜጠኛዋ «ወረርሽኙ ዓለምን ባቆመ ጊዜ እርስዎ እንዴት ሊነሱ ቻሉ?» ብላ ጠየቀች። ገና ጉሮሮህን ስትጠርግ አንተ መሆንህን አወቅኩ። ድሮ ጉሮሮህን የምትጠርገው ልትዋሽ ስትል ነበር። እሁድ ግን እውነቱን ተናገርክ፤ ያበሸቀኝም እሱ ነው። ለእኛ ለአንዳችንም ያልነገርከውን እውነት ለማታውቃት ሴት ዘርግፈህ ሰጠሃት።

መንገደኛ ሲጠፋ አየር መንገዶች ወንበር ነቅለው ዕቃ እንደጫኑ፣ አንተም ከትንሿ ከተማ ሆነህ ከዚያ እንደተማርክ አወራህላት። ደኅና። ከዚያ «አንድ ቤተሰብ ነበር» አልክ። «ልጃቸው በሰው አገር ዐረፈች። አስከሬኗን የሚያመጣ አውሮፕላን ተገኝቶ ነበር፤ የጎደለው የአባትየው ፊርማ ብቻ ነው። አባትየው ቢሮው በር ድረስ መጥተው፣ ምን እንደሚፈርሙ ስላልተነገራቸው፣ ዝናቡ ሲያባራ እመለሳለሁ ብለው ሄዱ። ልጅቷ እዚያው ተቀበረች። አገልግሎታችን የተወለደው ከዚያ ስህተት ነው» አልክ። ጋዜጠኛዋ «የሚገርም ነው» አለች። ባጃጅ ነጂው በመስታወቱ እያየኝ «የእኛ አገር ልጅ እኮ ነው! ይኼ ነው ጭንቅላት!» አለኝ። ሳልደርስ ወረድኩ።

ስም አልጠራህም፤ ልክ ነህ። ለዚህ ምስጋና የምትጠብቅ ከሆነ ግን ጠብቅ። ፕሮግራሙ ቅዳሜ ጠዋት ይደገማል ተብሏል። አባየ ቅዳሜ ጠዋት ሬዲዮውን አጥሩ ላይ ሰቅሎ ፈረሱን እንደሚያሻሽ ታውቃለህ፤ ስንት ቅዳሜ አብረኸው ቆመሃል። ያ ወረቀት የምን ወረቀት እንደነበረ አባየ እስከ ዛሬ አያውቅም። እኔ አልነገርኩትም። ቅዳሜ በአንተ አፍ፣ በማስታወቂያ መሐል፣ ልጁን እዚያ ያስቀራት የገዛ እግሩ መሆኑን ሊሰማ ነው።

እስኪ ከመጀመሪያው ልንገርህ፤ በሬዲዮ ያሳጠርከውን እኔ ላርዝመው።

ቢሮአችን ከአብዱልሀፊዝ ሱቅ ጎን የነበረችው ጠባብ ክፍል ናት። አንድ ጠረጴዛ፣ ለእንግዳ አራት ወንበር፣ ግድግዳው ላይ የአውሮፕላን ፎቶ። ቆሰበር ላይ አውሮፕላን የሚታየው ደመናው ሲገለጥ፣ ከሩቅ፣ ነጭ መስመር ሆኖ ነው። እኛ ግን ትኬቱን እንቆርጥ ነበር። «ካሳነሽ፣ እኔና አንቺ በሰው ትኬት ስንበር ልናረጅ ነው» እያልክ ታስቀኝ ነበር። ሽማግሌ ልከህ፣ ቀለበት አድርገህልኝ፣ ሠርጋችንን ለጥር ቀጥረን ነበር። እህተማርያምንም የላክናት እኛው ነን። ታናሽ እህቴ ኩዌት ሰው ቤት ልትሠራ ስትሄድ ትኬቷን የቆረጥኩት በዚህ እጄ ነው። መስኮት በኩል እንድትቀመጥ ደውለህ የለመንክላት ደግሞ አንተ ነህ።

በ2012 መጋቢት ሁሉ ነገር ቆመ። ሰው ትኬት መግዛቱ ይቅርና ቢሮአችን በር ላይ ማለፍ ፈራ፤ በሽታውን የምናስመጣው እኛ ይመስል። አንተ ቀኑን ሙሉ ስልክህ ላይ ተደፍተህ ትውላለህ። አንድ ቀን ፎቶ አሳየኸኝ። መንገደኛ በሌለበት አውሮፕላን ውስጥ የጓንትና የጭንብል ካርቶን በየወንበሩ ተደርድሮ፣ ቀበቶ ታስሮለት። «እይው እስኪ፣ ካርቶኑ እኮ እንደ ሰው ቀበቶ አስሯል!» ብለህ ሁለታችንም እንባችን እስኪመጣ ሳቅን። በሳምንቱ ደግሞ ወንበሩን ጭራሽ እየነቀሉ እንደሆነ አነበብክልኝ። ድንገት ብድግ አልክና የእኛን አራት ወንበሮች አየሃቸው። «እኛስ ምን እንጠብቃለን?» አልክ። ያኔውኑ አንድ በአንድ አውጥተህ ለአብዱልሀፊዝ ሰጠኸው፤ እሱም በምትኩ ሚዛኑን አዋሰህ። በማግስቱ በሩ ላይ «ወደ ዐረብ አገር ሽሮ፣ በርበሬ፣ ቆሎ በአየር እንልካለን» የሚል ተለጠፈ።

ጎበዝ ነበርክ፤ ቢመረኝም ይህን አልክድም። ከአዘና፣ ከጥርባ እናቶች በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው፣ ለልጆቻቸው የቋጠሩትን ይዘው ይመጡ ጀመር። አንተ ትመዝናለህ፣ እኔ አሽጋለሁ፣ አዲስ አበባ ያለው ሰውህ ወንበር በሌለው አውሮፕላን ላይ ያስጭነዋል። ኩዌት የሚደርሰው ካርቶን ሁሉ ላይ የላኪ ስልክ ተብሎ የቢሮአችን ቁጥር ይጻፍ ነበር። የዚህ አገር ሴት ልጅ እዚያ ችግር ሲገጥማት የምትደውለው ወደ እኛ ሆነ። ስለዚህም ነው ኢንሳፍ ሐምሌ 21 ቀን ወደ አባየ ሳይሆን ወደ ቢሮ የደወለችው።

ያን ቀን ዕቃ ልሰበስብ አዘና ሄጄ ነበር። እዚህ ብሆን ስልኩን የማነሳው እኔ ነበርኩ። ይህን ስንት ጊዜ እንዳሰብኩት አልነግርህም።

ኢንሳፍ የዳንግላ ልጅ ናት፤ ከእህቴ ጋር አንድ ሕንፃ ላይ ይሠሩ ነበር። በኋላ ለእኔም ቃል በቃል የነገረችኝን ነው የነገረችህ። እህተማርያም ጠዋት ልብስ ስታሰጣ ወድቃ ቀረች። ምርመራው ልብ ነው አለ፤ ወረርሽኙ ስላልሆነ አስከሬኗ መሄድ ይችላል ተባለ። ጭንብል አራግፎ ባዶውን የሚመለስ አውሮፕላን ነሐሴ 5 ቀን አለ። ሆስፒታሉ የሚያቆያት አሥራ አምስት ቀን ነው፤ ከዚያ እዚያው ትቀበራለች። የሚፈለገው ከአባቷ የተሰጠ የውክልና ወረቀት ብቻ ነው፣ በስልክ ፎቶ ተነሥቶ ቢላክም ይበቃል። «ወንድሜ፣ ዛሬውኑ ንገራቸው፣ በአላህ» ብላ ለመነችህ።

አንተ ግን ወደ እኛ ቤት አልመጣህም። ወደ አጎቴ ወደ ጋሽ ውብአየሁ ሄድክ። የዕድር ዳኛ ናቸው፤ መርዶ ያለ እሳቸው አይነገርም። እዚህ ላይ አልፈርድብህም ብዬ ራሴን ስንቴ አስታገስኩት። መርዶ ከደጅ ሮጦ ገብቶ አይወረወርም። ዘመድ ተሰብስቦ፣ ጎሕ ሲቀድ፣ ሐዘንተኛውን የሚይዝ ሰው ግራና ቀኝ ቆሞ ነው የሚነገር። እስከዚያ ያወቀ ሁሉ አፉን ይይዛል፤ አብሮህ ይበላል፣ አብሮህ ይስቃል። እኔም ብዙ ሰው ፊት መርዶ ደብቄ ስቄያለሁ።

ያን ክረምት ግን ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ክልክል ነበር። እማየ ደም ግፊቷ ብሶ ጠበል ገብታለች፣ ከዚያ ወጥታ ደግሞ የፍልሰታን ሱባኤ ልትይዝ ነው። ጋሽ ውብአየሁ «ሰው ሳይሰበሰብላት ብንነግራት ይችን ሴት ልንገድላት ነው። ሱባኤዋን ትጨርስ፤ ከፍልሰታ በኋላ ይነገራል» አሉህ። ስለ አሥራ አምስቱ ቀን ስትነግራቸው «የወረቀቱን ነገር አንተ በዘዴ ጨርሰው፤ ሥራህ አይደለም ወይ?» አሉህ። ይኼው ነው ምክራቸው፤ ኋላ ራሳቸው ነገሩኝ። እሳቸው የሚያውቁት መርዶ ነው፤ ሆስፒታሉ ደግሞ የእኛን ወግ አያውቅም። ሁለቱንም የምታውቅ አንተ ብቻ ነበርክ።

ስድስት ቀን ዝም አልክ። በሰባተኛው፣ ሰኞ ሐምሌ 27፣ በዶፍ ዝናብ አባየን ከማሳው አስነሥተህ ውክልና የሚሰጥበት ቢሮ በር ድረስ አመጣኸው። በሩ ላይ «መሳፍንት፣ ለምን ጉዳይ ነው የምፈርም?» ብሎ ጠየቀህ። ጉሮሮህን ጠረግህ። «ለዕቃ ነው ጋሼ፤ እህተማርያም የምትቀበለው ዕቃ አለ» አልከው። አባየም «ለዕቃ ከሆነማ ይቆየን፤ ዝናቡ ሲያባራ እመለሳለሁ። ድንቹ ውሃ ሊበላው ነው» ብሎ ሄደ። ዝናቡ ያን ሳምንት አላባራም። አንተም አልተመለስክም።

ይህን እንዴት እንዳወቅኩ ታውቃለህ? አባየ ራሱ ነው የነገረኝ፣ የዚያኑ ዕለት፣ እራት ላይ፣ እየሳቀ። «እጮኛሽ በዚህ ዝናብ ለካርቶን ብሎ ሊያሰምጠኝ ነበር» አለኝ። እኔም ሳቅኩ። «መሳፍንት እኮ ዕቃ ካለ እብድ ነው» አልኩት።

በማግስቱ ለእህተማርያም ካርቶን አዘጋጀሁ። ሽሮ፣ ድርቆሽ፣ የምትወደውን የሱፍ ቆሎ፣ ደግሞም አንድ ሰማያዊ ሹራብ። ቢሮ ይዤው መጣሁ። ሚዛን ላይ አወጣኸው። «ቆሎውን አበዛሽው» አልከኝ። «እሷ እኮ ለሰፈሩ ሁሉ ነው የምታድለው» አልኩህ። ብዕርህን አንስተህ «ተቀባይ፦ እህተማርያም ይኸነው» ብለህ ጻፍክ። እጅህ አልተንቀጠቀጠም፤ አጠገብህ ቆሜ አይቻለሁ። ከሞተች ሳምንቷ ነበር።

ኢንሳፍ በየቀኑ ትደውልልህ ነበር። ነሐሴ 5 አውሮፕላኑ ኩዌት ደርሶ ባዶውን ተመለሰ። ነሐሴ 8 እህቴን ቀበሯት። የእመቤታችን ሥጋ ከመቃብር ተነሣ ብለን በምንጾምበት ጾም፣ እማየ በቤተ ክርስቲያን ግቢ ለልጇ ጤና ስትሰግድ፣ ልጇ የማንም ዘመድ በሌለበት አፈር ገባች።

ነሐሴ 18 ጎሕ ሲቀድ መጣችሁ። ውሻው ሲጮህ በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ። ጋሽ ውብአየሁ ፊት፣ ካህኑ ከጎናቸው፣ ሌሎቹ በሕጉ መሠረት አራት አራት እየሆኑ በየአጥሩ ሥር ቆመዋል። አንተ ከሁሉ ኋላ ነበርክ፣ ጋቢህን እስከ ዓይንህ ተከናንበህ። ገና ሳይናገሩ ገባኝ። የሚገርመው መጀመሪያ የሮጥኩት ወደ አንተ ነው። «መቼ ሰማህ?» አልኩህ። ጉሮሮህን ጠረግህ። «ትናንት ማታ» አልክ።

አመንኩህ። አሥራ ሁለት ቀን ሙሉ አመንኩህ። ከዚያ ኢንሳፍ ለእኔ ደወለችና እያለቀሰች «ከዚህ በላይ ምን ላድርግ እህቴ? ሃያ ጊዜ ደውዬለታለሁ» አለችኝ። ቢሮ መጥቼ ጠረጴዛው ሥር ያንን ካርቶን አገኘሁት፤ እንደታሸገ፣ ስሟ እንደተጻፈበት። «ወጉን ነው የጠበቅኩት» አልከኝ። ቀለበቱን ሚዛኑ ላይ አስቀምጬልህ ወጣሁ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁለታችንም እናውቃለን። አንተ ዳንግላ ገባህ፤ እኔ ድንች አረምኩ፤ እማየ በዓመቱ ልጇን ተከተለች።

አሁን ስላገኘኸው ክብር ላውራልህ፤ ደስ እንዲልህ። ዛሬ ዳንግላ ላይ አንዲት ልጅ ትኬት ልትቆርጥ ቢሮህ ስትገባ አባቷን ይዛ ነው። ከትኬቱ ጋር አንድ ወረቀት ታቀርባለህ፤ ምናልባት ብትሞት አስከሬኗን እንድታስመጣ ከወዲሁ የሚሰጥ ውክልና። አባት ልጁ አጠገቡ ቁጭ ብላ፣ ጤነኛ ሆና፣ አዲስ ጫማ አድርጋ፣ የሬሳዋን ወረቀት ይፈርማል። መጀመሪያ ስሰማ ምን ዓይነት አረመኔ ይህን አሰበ አልኩ። በኋላ ግን ሰዎቹ ሲመጡ አየሁ። ያለፈው ኅዳር ከአዘና ወዲያ ያለች ልጅ ሬሳዋ ከባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያ በመኪና መጣ። ከሞተች ገና ስድስተኛ ቀኗ ነው። የአገራችን ፈረሰኞች እንደ ወጉ ፈረሶቻቸውን ሸልመው መንገድ ላይ ወጡ። መኪናው በዝግታ ሲሄድ ግራና ቀኝ አጅበው አመጧት። አባየም ነበረበት። ሲመለስ ልጓሙን ሰጠኝና «ይችን ለእናቷ ያመጣ መሳፍንት ነው አሉ። እግዚአብሔር ይባርከው» አለኝ። ፈረሱ በላብ ተጠምቋል። «አሜን» አልኩ፤ ምን ልበል?

ሥራህ መልካም ሥራ ነው። እዚህ ላይ ነው የምቃጠለው። መጥፎ ቢሆን ረግሜህ ዐርፍ ነበር። ያ ወረርሽኝ ለስንት ሰው ሐዘን ሲያወርስ ለአንተ ሐሳብ ሰጠህ። ሐሳቡን ደግሞ ያገኘኸው ከእህቴ ነው። እና አንድም ቀን መጥተህ አባየ ፊት አልቆምክም፤ ጋዜጠኛ ፊት ግን ቆምክ።

የምጠይቅህ አንድ ነገር ብቻ ነው። ከቅዳሜ በፊት ና። ጋሽ ውብአየሁን ሳትይዝ፣ ካህን ሳትይዝ፣ ብቻህን ና፤ ለአባየ ራስህ ንገረው። ይህን እንኳ ካላደረግህ...

ዐርብ ሰኔ 23

ማክሰኞ ደብዳቤውን ሳልጨርሰው እጄ ደከመና ተውኩት። ረቡዕ ጠዋት እንዳለ ለዳንግላው ሚኒባስ ልሰጠው ይዤው ስወጣ አባየ ፈረሱን ሲያሻሽ አየሁት። አንተን መጥራቴ ለካ እኔም መሸሼ ነው። ሦስት ዓመት አብሬው እየበላሁ፣ አብሬው እየሳቅኩ ደብቄዋለሁ። አንተ ሃያ ሰባት ቀን ነው የደበቅከኝ። ደብዳቤውን ኪሴ ከተትኩ።

«አባየ፣ የምነግርህ ነገር አለኝ» አልኩት።

«ንገሪኝ» አለ፣ ብሩሹን ሳያቆም።

ሁሉንም ነገርኩት። የኢንሳፍን ስልክ፣ የአሥራ አምስቱን ቀን፣ የወረቀቱን ነገር። ስጨርስ የፈረሱን አንገት ይዞ ቆመ።

«ያን ለት መሳፍንት ባርኔጣ አልነበረውም» አለ። «ውሃው ፊቱ ላይ ይወርዳል። ለዕቃ ነው አለኝ። ልጀ፣ ለዕቃ ብሎ ከንፈሩ የሚንቀጠቀጥ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«አውቀህ ነበር?»

«አላወቅሁም። ፈራሁ እንጅ። አንድ ነገር ሊነግረኝ ነው፣ እዚህ በር ከገባሁ ይነግረኛል ብየ ፈራሁ። ድንቹ ምክንያት ነው። አለመስማቴ፣ ሁለት ቀንም ይሁን ሦስት ቀን፣ ልጅ እንዳለችኝ ያቆየኛል ብየ ነው።»

«ታዲያ ማታ ትስቅ አልነበር?»

«አንችስ ስቀሽ የለ?» አለኝ።

ከዚያ በኋላ ምርር ብሎ አለቀሰ፤ በእኛው በአዊኛ ስሟን እየጠራ። መርዶው ለት እንኳ እንደዚያ አላለቀሰም። እኔም አብሬው አለቀስኩ። እንዴት ብዬ እንደማጽናናው አላውቅም ነበር፤ ግራና ቀኝ የሚይዘን ሰው የለም። ሲበቃን ፊቱን በጋቢው ጠረገና «ያ ወረቀት አሁንም ይሠራል?» ብሎ ጠየቀኝ።

ለኢንሳፍ ደወልኩ። ዛሬም እዚያው ናት፤ በየዓመቱ ነሐሴ 8 መቃብሩ ድረስ ትሄዳለች። እስላሟ ልጅ ለክርስቲያኗ ሻማ እንደምታበራ ያን ጊዜ ነው የሰማሁት። የመቃብሩን ቁጥር በስልክ ልካልኛለች። የመቃብሩ ኃላፊዎች የቤተሰብ ውክልና ካለ ዐፅም ማንሳት ይፈቀዳል ብለዋታል፤ ጊዜ ይወስዳል፣ ያለፋል፣ ግን ይሆናል።

ትናንት ሐሙስ ቆሰበር ላይ የጣለውን ዝናብ አንተም ዳንግላ ሆነህ ሰምተኸው ይሆናል። «አባየ፣ ትንሽ እስኪያባራ» አልኩት። «አያባራም» ብሎ ወጣ። ባጃጅ አልፈልግም አለ፤ በእግሩ ሄደ፤ እኔ ዣንጥላ ይዤ እየሮጥኩ ተከተልኩት። ያ በር ላይ ሲደርስ ቆመ። መዝጊያውን ይዞ ትንሽ ቆይቶ ገባ። ጸሐፊዋ ወጣት ናት፤ ቀና ሳትል «አባቴ፣ ውክልናው ለምን ጉዳይ ነው?» አለችው።

«ልጄን ለማምጣት» አለ። ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ እስኪያይ ድረስ ጮክ ብሎ ነው ያለው።

ፈረመ። ውሃ ከጋቢው እየተንጠባጠበ ወረቀቱን እንዳያርስበት እጁን ወደኋላ ይዞ፣ ከሩቅ ፈረመ።

ወረቀቱን ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤዋለሁ። ተወካይ ተብሎ የተጻፈው ያንተ ስም ነው። እኔ የሌላ ሰው ስም እንዲገባ ፈልጌ ነበር፤ አባየ ግን «የጀመረውን ይጨርስ» አለ። ላይ «ና» ብዬ የጻፍኩትን አልሰረዝኩትም፤ ግን አሁን እንድትመጣ አልፈልግም። ስትመጣ እሷን ይዘህ ና። እናቷ አጠገብ ቦታ አለ። አባየ ፈረሱን ሸልሞ ከፈረሰኞቹ ጋር መንገድ ላይ ይጠብቃል። ነገም ሬዲዮውን እከፍታለሁ ብሏል፤ እኔም አብሬው እቆማለሁ።

ይህን ይቅርታ አድርገህ እንዳትወስደው። ይቅር ያልኩህ ቀን ራሴ እነግርሃለሁ፤ በሰውም አልልክብህም፣ ጊዜም አልመርጥለትም።

ሥራውን ካንተ በላይ የሚያውቅ ስለሌለ ብዙ አልመክርህም። አንዲት ነገር ብቻ። የጭነቱ ወረቀት ላይ «የዕቃው ዓይነት» የሚል ቦታ አለ፤ እኔም በጊዜዬ ስንቱን ሞልቼዋለሁ። የእሷን ስትሞላ እዚያ ላይ ሌላ ነገር እንዳትጽፍ። «እህተማርያም ይኸነው» ብለህ ጻፍ። እጅህ አንድ ጊዜ ጽፎታል።

ካሳነሽ ይኸነው